ከቡታጅራ ወደ ፕራግ ትያትር ቤቶች፣ ከእትዬ ሐሊማ ጋር

ከተመለስኩ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እስቲ ያየሽውን ንገሪን» ይለኛል። ለአንዱ ስተርክ ይመሽብኛል፤ ለሌላው ስቸኩል የሚጣፍጠው ወሬ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም እንደ አካሄዱ ጻፍኩት። ፕራግ የመሄድ ዕድል የገጠመው ሰው ካለ፣ ትያትር ቤቶቿ ውስጥ ሲገባ እንደኛ እንዳይደናገር ይረዳዋል። የማይሄደውም ቢሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ አብሮን ይጓዝ።

ታደለች እባላለሁ። ቡታጅራ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቹን የድራማ ክበብ የምመራውም እኔ ነኝ። አብራኝ የሄደችው እትዬ ሐሊማ የመስቃን ሰው ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ሰው ማስመሰል ታውቅበታለች ስል እንዲያው ለጨዋታ ያህል እንዳይመስላችሁ። የሚኒባስ ረዳት፣ ኮስታራ ሽማግሌ፣ አልቃሻ ሕፃን፣ ሁሉም ከእሷ ጉሮሮ ይወጣል። እኔ የጻፍኳት አንዲት አጭር ጨዋታ አለችን። የጎረቤት ፍየል የተሰጣ በርበሬ ላይ ትተኛለች፤ በዚያ ሰበብ ሁለት ሴቶች ይኳረፋሉ። እኔ አንዷን ሴት እሆናለሁ። እትዬ ሐሊማ ሌላዋን ሴት፣ አስታራቂዎቹን፣ ፍየሏንም ትሆናለች።

ይህችን ጨዋታ ወልቂጤ አዳራሽ ስናሳይ ያና የምትባል የፕራግ ልጅ አየችን። ያና ወልቂጤ አቅራቢያ ባለችው አታት ለሥራ መጥታ ትንሽ አማርኛ የለመደች፣ አገሯ ደግሞ አንዲት ትንሽ ትያትር ቤት ውስጥ የምታገለግል ሴት ናት። «እኛ ጋ ኑና አሳዩ» አለችን። እኛ ለወጉ ያህል ያለችው መስሎን ነበር። እሷ ግን ወደ አገሯ ተመልሳ ጉዳዩን ስታሯሩጥ ከርማ፣ በጥቅምት ቪዛችን ወጣ።

ሰኞ

ከቡታጅራ መናኸሪያ በጠዋት ተነሣን። የእትዬ ሐሊማ ባል ጋሽ አወል ሻንጣዋን እሱ ራሱ ሚኒባሱ ላይ ጫነና ወደኔ ዞረ።

«ታደለች፣ ይህቺ ሴት ወሬ ካገኘች መንገዷን ትረሳለች። አደራ፣ እጇን እንዳትለቂ።»

እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሻንጣዬ ይልቅ እሷን ስቆጣጠር ዋልኩ።

ጥያ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰብን። ሹፌሩ ጎማውን እስኪቀይር ከመንገዱ ዳር ቆመን ሳለ፣ ትክል ድንጋዮቹን ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ከመኪና ወረዱ። እትዬ ሐሊማ ሰላም አለቻቸውና ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «እነሱ የኛን ድንጋይ ሊያዩ ይመጣሉ፣ እኛ የነሱን ትያትር ልናይ እንሄዳለን። ማን እንዳተረፈ አላህ ይወቀው» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አዲስ አበባ የደረስነው ዘግይተን ቢሆንም አውሮፕላኑ አላመለጠንም።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑ ያወረደን ቪየና ነው፤ ከዚያ ወደ ፕራግ የሚወስደው ባቡር ነበር። ቪየና ላይ አንድ ፈታሽ የእትዬ ሐሊማን ሻንጣ ከፈተ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተጋገረ ቆጮ አገኘ። አሸተተ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛውም አሸተተ። እትዬ ሐሊማ ቆርሳ ጎረሰችና ሆዷን መታ መታ አድርጋ አሳየቻቸው። ተመካከሩና ቅጠሉን ወስደው ቆጮውን መለሱልን።

«ያ ረቢ! ቅጠሉን ይዞ ምግቡን የሚተው ፍየል እንኳ አላየሁም» አለች።

ፕራግ ባቡር ጣቢያ ያና ሁለት ወፋፍራም ካፖርቶች ታቅፋ ጠበቀችን። «እንኳን ደህና መጣህ!» አለች ለሁለታችንም፤ በያና አማርኛ ሴት የሚባል ነገር የለም። የኛ የጥቅምት ነፋስ ጠዋትና ማታ ነው፤ የዚያ አገሩ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ይቆርጣል። ካፖርቶቹን እዚያው ለበስን።

ከተማዋ ያረጀች ናት፣ ግን እርጅናዋ የተጠበቀ ነው። መንገዱ በተጠረበ ትናንሽ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ለጫማ አይመችም፣ ተረከዝ ያለው እንዳትይዙ። የያና ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እትዬ ሐሊማ በየፎቁ እያረፈች፣ በየዕረፍቱ የማይታወቀውን የቤቱን ባለቤት እየወቀሰች ወጣች።

እራት ሲቀርብ አንድ ስጋት ነበረኝ። የዚያ አገር ሰው አሳማ ይወዳል፤ እትዬ ሐሊማ ምን ትበላለች ብዬ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ሳልጠይቅ ያና ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችንና ምልክቱ ገና ያልተላጠ አዲስ ድስት፣ አዲስ መጥበሻና አዲስ ማንኪያ አሳየችን።

«ይህ ለሐሊማ ብቻ ነው። አሳማ አያውቅም» አለች።

የበላነው በእንጉዳይ የተሠራ የድንች ሾርባ ነበር፤ ከቆጯችን ጋር ጥሩ ሄደ። እትዬ ሐሊማ ግን ከሾርባው በላይ ድስቱን ነው ያመሰገነችው። «አልሐምዱሊላህ፣ የሰው ቤት አይደለም የገባነው» አለችኝ ስንተኛ።

ረቡዕ

ያና አንደኛ ያሳየችን ወንዙ ዳር ያለውን ታላቁን ትያትር ቤት ነው። ጣሪያው በወርቅ ቀለም ያበራል፤ ውስጡ እንደ ማር ቀፎ በትናንሽ ሰገነቶች የተከበበ ነው። ወደ እንደዚህ ያለ ቤት ለሚገባ ሰው የሚጠቅሙት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ካፖርት ይዞ መግባት ነውር ነው። በሩ አጠገብ ካፖርት የሚረከቡ ሴቶች አሉ፤ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ይሰጡና ይሰቅሉታል። እትዬ ሐሊማ አልሰጥም ብላ ተሟገተች። «የሰው ዕቃ ነው የለበስኩት፤ ለማላውቃት ሴት አስረክቤ ብትሰወርስ?» በመጨረሻ ካፖርቱን ሰጥታ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ነጠላ ግን ማንም አልጠየቃት።

ደወል ይደወላል፤ ይደገማል፤ የመጨረሻው ሲያቃጭል በሩ ይዘጋል። ወልቂጤ ላይ ትያትር የሚጀመረው ሰው ሲሞላ ነው፤ እዚያ ሰው የሚሞላው ትያትሩ ሊጀመር ሲል ነው። በመደዳው መሃል ስታልፉ ፊታችሁን ለተቀመጡት ሰዎች ስጡ፤ ጀርባ መስጠት ስድብ ነው። ርካሹ ቦታ ላይኛው ሰገነት ነው፤ ከዚያ የተዋናዮቹ አናት ብቻ ነው የሚታየው፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታ ነው። እኛ ዘንድ ተመልካች ተዋናዩን ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ያጨበጭባል። እዚያ ሳል የመጣበት ሰው እንኳ እስከ ዕረፍት ይጠብቃል። ያን ዕለት የታየው በዘፈን የሚነገር ታሪክ ነበር። ቋንቋው ባይገባንም ነገሩ ግልጽ ነው፦ አንዲትን ልጅ አንድ ባለ ሰይፍ ጎልማሳ ያታልላታል። ልጅቷ እጇን ልትሰጠው ስትዘረጋ እትዬ ሐሊማ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ኧረ እንዳታምኚው! ሌላ ሚስት አለችው!»

አዳራሹ ሙሉ የሰማት መሰለኝ። ከፊታችን ያሉት ሁሉ ዞሩ። እኔ ወደ መቀመጫው ሥር መግባት አማረኝ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን እትዬ ሐሊማ ምን እንዳለች ያናን ጠየቋት፤ ስትነግራቸው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በዕረፍቱ ጊዜ ሻይ ገዙልን። ልጅቷ መጨረሻ ላይ መከዳቷን ስናይም ሽማግሌው ወደ እትዬ ሐሊማ ዘንበል ብለው፣ ተናግረሽ ነበር እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ሐሙስ

ይህን ቀን ለመጻፍ እስካሁን እጄ ይከብደኛል።

ረፋዱ ላይ በጨለማ የሚሠራ ትያትር አየን። ተዋናዮቹ ጥቁር ለብሰው በጥቁር መጋረጃ ፊት ይቆማሉ፤ ራሳቸው አይታዩም፣ የያዙት ነገር ብቻ በቀለም እየበራ በአየር ይንሳፈፋል። ጃንጥላ በረረ፣ ወንበር ጨፈረ። እትዬ ሐሊማ «ጂን ነው» ብላ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ፤ በኋላ ግን ወደደችው። መብራት ጠፍቶብን ድራማ ስናቋርጥ የኖርን ሰዎች፣ ጨለማውን ለሥራ ሲጠቀሙበት አይተን ተደነቅን።

ያና ሥራ ነበረባትና ለብቻችን ወደ ቤት ልንመለስ ሆነ። የምንሳፈረው በመንገዱ መሃል የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ የት እንደምንወርድ ነግራናለች። ባቡሩ ተጨናንቆ ነበር። ማቆሚያችን ሲደርስ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን ወደ በሩ ተጋፋን። እኔ ወረድኩ። ስዞር በሩ ተዘግቷል። እትዬ ሐሊማ ከመስተዋቱ ወዲያ እጇን አንሥታ ስታየኝ አየኋት። ባቡሩ ሄደ።

ሮጥኩ። የማይሮጥበትን ድንጋይ ረግጬ ሮጥኩ። ባቡሩ ጥግ ዞሮ ተሰወረ። ስልኳ እዚያ አገር አይሠራም። የአገሩን ፊደል አታነብም፣ የያናን ሰፈር ስም አታውቅም። ያና የቤቷን አድራሻ የጻፈችበትን ወረቀት የሰጠችው ለኔ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቆሜ ቀጣዩን ባቡር ጠበቅኩ፤ ምናልባት ተመልሳ ትመጣለች ብዬ። አልመጣችም። ቀጥሎ የመጣው ውስጥም አልነበረችም። ያና ራሷ ባዋሰችኝ ስልክ ደወልኩላት። እየሮጠች መጣች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። በመስመሩ ላይ ያሉትን ማቆሚያዎች አንድ በአንድ ወርደን አየን። ነጠላ የለበሰች ሴት ብለን ጠየቅን። ካፊያ ጀመረ። ፖሊስ ጣቢያ ገባን፤ ፖሊሱ በትህትና ተቀበለን፣ መልኳን መዘገበ፣ እንድንጠብቅ ነገረን። እኔ ግን ጋሽ አወል መናኸሪያው ላይ ቆሞ ነው የሚታየኝ። ለሱ የምናገረውን ቃል ፈለግኩ፤ አንድም አላገኘሁም። ጌታ ሆይ፣ እኔን እንኳ ተወኝና እሷን ጠብቃት ብዬ ጸለይኩ። ያና አጠገቤ ሆና እጄን እያሻሸች «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች፤ ሌላ የምታጽናናበት አማርኛ አልነበራትም።

የያና ስልክ ጮኸ። አነሣች፣ ሰማች፣ ከወንበሯ ተነሣች፣ መሳቅም ማልቀስም ጀመረች።

«ሐሊማ አለ!» አለች። «ሐሊማ አሻንጉሊት ቤት አለ!»

ከከተማው ዳር፣ አንዲት ትንሽ የአሻንጉሊት ትያትር ቤት በር ላይ ደረስን። ፕራግ በእንጨት አሻንጉሊት ትታወቃለች፤ በገመድ አንጠልጥለው ያራምዷቸዋል፣ ለሕፃናት ብቻም አይደለም። ስንገባ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። እትዬ ሐሊማ በሕፃናት ተከባ ወለል ላይ ተቀምጣለች። እጇ ላይ የእንጨት ፍየል አለ። ፍየሉ በጉራጊኛ ይሳደባል፤ ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ።

ሳያት በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ፍየሉን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል? ሻይ አለ፣ ጠጪ።»

«እትዬ፣ የሞትሽ መሰለኝ!»

«ወላሂ፣ እኔም ለአፍታ መስሎኝ ነበር» አለችና አቀፈችኝ። ያኔ ነው እሷም ስትንቀጠቀጥ የተሰማኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባቡሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ሁሉንም አወረደ። እሷም ወረደች፤ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ከወዲያ ማዶ እናቶች ሕፃናት ይዘው ወደ አንድ በር ሲገቡ አየች። «ልጅ ወደሚገባበት ቤት ብገባ ክፉ አያገኘኝም ብዬ ገባሁ» አለች። በሩ ላይ ካፖርት የሚረከቡ ቬራ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። በእጅ ቢነጋገሩም አልተግባቡም። ቬራ ካፖርቷን ራዲያተሩ ላይ አሰጡላት፣ ሻይ ሰጧት፣ ከልጆቹ ጋር አስገቧት።

ትርኢቱ ሲያልቅ እትዬ ሐሊማ ወደ መድረኩ ወጣችና ሁለት አሻንጉሊቶች ለመነች። ሁለት ሴቶች፣ አንድ የካርቶን ሣጥን። ሁለቱን ሴቶች ሣጥኑ ውስጥ አስገባች። አንዷን አስወጣች። ሣጥኑን ዘጋች። ሣጥኑን እየገፋች ወሰደችው፤ የወጣችው አሻንጉሊት ደግሞ ከኋላ እየሮጠች ወደቀች። ቀጥላም ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አቆመች፤ በፊታቸው ወንበሮች ደረደረች፤ አጨበጨበች፤ እንደ ፍየል ጮኸች። ቬራ ይህን ሲያዩ ተረዱ፦ የጠፋች ናት፣ ተዋናይም ናት። ያች ከተማ ትልቅ ብትሆንም ትያትር ቤቶቿ እንደ አንድ ሰፈር ጎረቤት ይተዋወቃሉ። ስልክ አነሡና አንዱን ትያትር ቤት ሌላውን እያስጠየቁ፣ ከኢትዮጵያ እንግዳ የሚጠብቀው የትኛው እንደሆነ ደረሱበት። የያና ባልደረቦች ደግሞ ለያና ደወሉ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ነጠላዋን ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩት። ሰዎች አዩን። ግድ አልሰጠኝም።

ዓርብ

ጠዋት እንቅልፍ የጠገበ ሰው ሆኜ ተነሣሁ። ያና በስልኳ ቂብላው ወዴት እንደሆነ አግኝታ ለእትዬ ሐሊማ በመስኮቱ በኩል አሳየቻት። እሷ ስትሰግድ እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ለትናንቱ አመሰገንኩ።

አመሻሹ ላይ ተራው የኛ ሆነ። የያና ትያትር ቤት ድሮ የከሰል መጋዘን ነበር አሉ፤ ከመንገዱ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት ነው። ከወልቂጤው አዳራሽ ያንሳል፤ ግን ዝናብ ቢዘንብ የቆርቆሮ ጩኸት አይረብሽም። ሰው ሞላ። ያና ጥግ ቆማ በቋንቋቸው እያስረዳች ጀመርን።

ዝም አሉ። ፍየሏ ገባች፣ ዝም። በርበሬው ላይ ተኛች፣ ዝም። ቡታጅራ ቢሆን እዚህ ላይ ሰው ከወንበሩ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን አሳፈርናት ብዬ ያናን ላያት አልቻልኩም። ቃሌን ረሳሁ። ባዶ ሆንኩ።

እትዬ ሐሊማ ፍየልነቷን ትታ ቀጥ ብላ ቆመች። «ያና፣ ንገሪልኝ» አለች። «እኔ ዝም የሚል ሰው ፊት መጫወት አላውቅም። ዝም ስትሉ ያልሰማችሁኝ ይመስለኛል። ፍየሏን ስደቡልኝ። ለታደለች ደግሞ ምን ብላ እንደምትመልስልኝ ንገሯት፣ ጠፍቶባታል።»

ያና ተረጎመች። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቬራ ነበሩ። «ፍየሏን ሽጪላት!» ማለታቸው ነው አለች ያና። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ፍየሏን ሰደቡ፣ እኔን መከሩኝ፣ ዕርቁ ሲወርድ በእግራቸው ወለሉን ደበደቡ። ቃሌ ተመለሰልኝ። መጨረሻ ላይ ሲያጨበጭቡ ጭብጨባው ቀስ በቀስ አንድ ምት ሆነ፤ እንደ እስክስታ ከበሮ። የዚያ አገር ሰው የልቡ ሲደርስ እንዲያ ነው የሚያጨበጭበው፤ ብትሰሙት እንዳትደነግጡ፣ ውጡ ማለት አይደለም።

አንድ ሰው በኋላ ለያና «ዝም ያልነው በጣም ስለወደድነው ነበር» አላት። እኛ ያን አናውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ቬራን ልናመሰግን ሄድን። እትዬ ሐሊማ ከራሷ መደብ ያመጣችውን የመስቃን በርበሬ በትንሽ ከረጢት ሰጠቻቸው፤ ሾርባ ውስጥ የሚጨመረው የጥፍር ያህል ብቻ እንደሆነ በእጇ አሳየቻቸው። ቬራ ደግሞ ትርኢት ባልነበረበት ሰዓት መድረኩን ከፍተው ከመጋረጃው በላይ፣ ገመድ የሚጎትቱት ሰዎች በሚቆሙበት ድልድይ ላይ አወጡን። እዚያ ማንም ጎብኚ አይወጣም። ትልልቆቹን ቤቶች ከጨረሳችሁ እነዚህን ትንንሾቹን እንዳትዘሉ፤ ቋንቋ ባታውቁም ይገባችኋል፣ ወንበሩም ይሞቃል።

እሁድ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ያና ባቡሩ እስኪነሣ መስኮታችን ሥር ቆማ «ደህና ሁን! ደህና ሁን!» እያለች እጇን አወዛወዘች። የቡታጅራ መናኸሪያ ስንገባ ጋሽ አወል ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እሷን ከሱ አጠገብ ቆማ ሳይ ትከሻዬ በአንድ ጊዜ ቀለለኝ። ስለ ሐሙሱ ግን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ቤቴ ገብቼ እስከ ማግስቱ ተኛሁ።

በገበያው ቀን በርበሬ ልገዛ ሄድኩ። ከሩቅ ስመለከት የእትዬ ሐሊማ መደብ በሰው ተከቧል። ጋሽ አወልም ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ወሬው ወጥቷል ማለት ነው። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ከሰው ኋላ ቆምኩ።

አንዲት ገዢ፣ «ኧረ እትዬ ሐሊማ፣ እውነት ፈረንጅ አገር ጠፍተሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ?» አለች እትዬ ሐሊማ፣ ሚዛኑን እያስተካከለች። «እኔማ ሞቅ ያለ ቤት ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የጠፋችው ታደለች ናት፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያገኘኋት።»

ጋሽ አወል ሳቁን መያዝ አቅቶት ከጆንያው ላይ ተንሸራተተ። ዞር ሲል አየኝና ወንበር እንዲያመጡልኝ ጮኸ። እኔም ያችን ሐሙስ አስታውሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ።